ሞዴል ባቡር ማስረጀት፦ ቫርኒሹ ነጣብኝ፣ ቀለሙ ቀለበት ሠራ፣ ሎኮሞቲቩም ይቆራረጣል

ጥያቄ፦ ለገሃር ማዶ (ድሬዳዋ)

ሰላም ነው? አንድ የናፍጣ ሎኮሞቲቭና ሦስት ፉርጎዎች አሉኝ፤ ዝግ ፉርጎ፣ ቦቴና ጠፍጣፋ። መጠናቸው 1፡87 ነው (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሱ)፤ ሐዲዱ 16.5 ሚ.ሜ ስፋት አለው። የፋብሪካ ቀለማቸው ስለሚያብለጨልጭ መጫወቻ መስለዋል። ለገሃር ግቢ የቆሙትን የድሮ ባቡሮች እንዲመስሉ ላስረጃቸው ስሞክር አራት ነገር ተበላሸብኝ።

አንደኛ፣ ጥቁር አክሪሊክ አቅጥኜ (1 እጅ ቀለም፣ 10 እጅ ውሃ) ሎኮሞቲቩን ሙሉውን ቀባሁት። ሲደርቅ በጎኑ ላይ ሲኒ ያረፈበት ረከቦት የመሰለ ቀለበት ቀረ። ሁለተኛ፣ ዝጉ ፉርጎ ላይ የቀለም ዱቄት ነስንሼ ማት (የማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ ስነፋበት ዱቄቱ ድራሹ ጠፋ፤ ገጹም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻከረ። ሦስተኛ፣ ቦቴው ላይ መጀመሪያ ማት ስፕሬይ ነፍቼ፣ ዱቄት በ97 አልኮል በጥብጬ ብቀባው ወተት የመሰለ ጉም ለበሰ። አራተኛ፣ ሎኮሞቲቩ ከዚህ ሁሉ በኋላ እየተቆራረጠ ነው የሚሄደው።

ይድናሉ ወይስ ቀለሙን ልላጠው? የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ለአቧራ መጠቀምስ ይቻላል?

ሳቢያን 04

እንዳትልጠው አቦ! ከቦቴው ልጀምር፣ የሱ ቀላል ነው።

ማት ስፕሬይ ውስጥ ብርሃን የሚበትን ደቃቅ ዱቄት አለ። አልኮሉ ቫርኒሹን ያላላና ገጹን ያውከዋል፤ ነጭ ሆኖ የሚታይህ ለዚህ ነው። ከሥር ያለው ቀለም ምንም አልሆነም። ያንኑ ቫርኒሽ ከ25 እስከ 30 ሳ.ሜ ርቀት በስሱ አንዴ ንፋበት፤ ብዙ ጊዜ ጉሙ እዚያው ይጠፋል። እምቢ ካለ አንጸባራቂ ቫርኒሽ አንድ ዙር፣ አድሮ ማት አንድ ዙር። ሆን ብለው ይህንን ጉም ፀሐይ የበላው ቀለም ለማስመሰል የሚጠቀሙበት አሉ፤ የት እንደሚወጣ ስለማይታወቅ እኔ አልመክርም። ለወደፊቱ ማት ስፕሬይ ያረፈበት ገጽ ላይ አልኮል አይድረስ። ዱቄቱን በውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጠው።

የዝጉ ፉርጎ ዱቄት አልጠፋም። ደረቅ አፈር ውሃ ሲነካው እንደሚጠቁረው ሁሉ፣ ቫርኒሹ በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር ሲሞላው ቀለሙ ይደበዝዛል። ሁለት መንገድ አለ፦ ወይ ከምትፈልገው ሁለት እጥፍ አድርገህ ነስንሰህ በጭጋግ በጭጋግ (አንዴ ነፍተህ፣ 10 ደቂቃ ቆይተህ፣ እንደገና) ታስረዋለህ፤ ወይ የመጨረሻውን የዱቄት ዙር ያለ ቫርኒሽ ትተወዋለህ። እጅ የማይነካው የታችኛው አካል ላይ ሁለተኛው ይሻላል።

ሻካራው ደግሞ የድሬ ሙቀት ሥራ ነው። እኩለ ቀን ላይ ስትነፋ ቫርኒሹ ፉርጎው ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና እንደ አሸዋ ያርፋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ነፋስ ሳይነሳ ንፋ። ቆርቆሮውን ፀሐይ ላይ አታስቀምጥ፤ ግፊቱ ይጨምርና ይተፋብሃል፣ ከባሰም ይፈነዳል። የሻከረውን በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እያስነካህ፣ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ አሸት አድርገው። ጽሑፍ ያለበት ቦታ ስትደርስ እጅህን ያዝ።

ፉርጎ ጠጋኝ

ስለ ቀለበቱ። ውሃ ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ይሰበሰባል እንጂ አይዘረጋም፤ ጠብታው ከዳር ሲደርቅ ቀለሙን ወደ ጠርዙ ይጎትተዋል። ሙሉ ጎን በአንዴ ማልበስ የሚባለው ነገር ለሎኮሞቲቭ አይሆንም።

የደረቀውን ለማንሳት የፋርማሲውን 70 አልኮል ተጠቀም፣ 97ቱን ተወው። በእኩል ውሃ አቅጥነህ፣ በጥጥ አስነክተህ፣ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ከሥር ሞክር። የፋብሪካው ቁጥርና መስመር አብሮ ከተነሳ መልስ የለውም።

ከዚያ አክሪሊኩን ተወውና የሠዓሊ ዘይት ቀለም አምጣ፤ ጥቁር ቡኒና ጥቁር፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ቅደም ተከተሉ ይኸው፦ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ነፍተህ አንድ ቀን አሳድረው። ቀለሙን ካርቶን ላይ ጭመቀውና አንድ ሰዓት ያህል ተወው፣ ካርቶኑ ትርፍ ዘይቱን ይመጥልሃል። በስቴኪኒ ጫፍ የመርፌ ራስ የምታህል ነጥብ በአንድ ጎን አምስት ስድስት ቦታ አድርግ፦ ከበር ማጠፊያ ሥር፣ ከአየር ማስገቢያው ወንፊት ሥር፣ ከናፍጣ መሙያው ሥር። ጠፍጣፋ ብሩሽ ማቅጠኛ (ተርፐንታይን ወይም የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) አስነክተህ፣ በጨርቅ ጠርገህ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ ጎትት። ዝናብም ናፍጣም የሚወርደው ወደ ታች ነው፤ ወደ ጎን የተጎተተ ነጠብጣብ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ካልወደድከው በዚያው ማቅጠኛ ትጠርገዋለህ፤ የዘይት ቀለም ጥቅሙ ይሄ ነው። ሦስት ቀን ጠብቀህ ማት ንፋ።

ስፕሬይም ዱቄትም ሳንባ ይገባል፣ በረንዳ ላይ ሆነህ አፍና አፍንጫህን ሸፍን።

ቡዳ በር (ሐረር)

ሳቢያን፣ ያልከው ሰዓት ለድሬ ልክ ነው፤ ሐረር ላለ ሰው ግን አይሠራም። እዚህ በክረምት ጠዋት አየሩ እርጥብ ነው፤ ቫርኒሹ ሲደርቅ ይቀዘቅዝና ጤዛ ይስባል፣ ያለ ምንም አልኮል ይነጣል። እኛ ጋ ከ4 ሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ነው።

ስለ መቆራረጡ፦ ቀለምህ ጎማው ሐዲዱን በሚነካበት ገጽና ከጎማው ኤሌክትሪክ በሚቀበለው ብረት (ኮንታክቱ) ላይ ገብቷል። ሞዴሉ ኤሌክትሪክ የሚወስደው በጎማው በኩል ስለሆነ ስስ የቀለም ፊልም ይበቃዋል። ለስላሳ ወረቀት በ70 አልኮል አርጥበህ ሐዲዱ ላይ አንጥፍ። አንዱን ቦጊ (ጎማዎቹን የያዘውን የታች ክፍል) ወረቀቱ ላይ፣ ሌላውን ባዶው ሐዲድ ላይ አድርግና በእጅህ ይዘህ ኤሌክትሪክ ስጠው፤ ጎማው ባለበት እየዞረ ይጸዳል። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ እስኪቀር ቦታ እየቀየርክ ድገም፣ ከዚያ ሎኮሞቲቩን አዙር። ብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው፤ ጭረቱ ቆሻሻ ይሰበስብና በሳምንት ውስጥ ይብስበታል። አንዳንድ ጎማ ላይ የላስቲክ ቀለበት አለ፤ ማቅጠኛ እሱን ያሳብጠዋል።

ከጸዳ በኋላም እንደ ወፍጮ የሚንቋቋ ከሆነ ዱቄት የማርሹ ጥርስ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የቦጊውን የታች ክዳን ክፈት፣ ጥርሶቹን በሳሙና ውሃና በጥርስ ብሩሽ እጠብ፣ በደንብ አድርቀህ ፕላስቲክ የማይበላ ዘይት በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ ብቻ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይትን ፕላስቲኩ ላይ ሳትሞክር አታፍስስ።

ለሚቀጥለው፦ ቦዲውን ከሻሲው ነቅለህ ለየብቻ ቀባ።

ለገሃር ማዶ

ቦቴው ድኗል! በአንድ ዙር ቫርኒሽ ጉሙ ጠፋ። ሎኮሞቲቩንም አጽድቼ ይሄዳል። አሁን ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ ዝገቱ ስንት ቀለም ነው? አሸዋውስ?

ፉርጎ ጠጋኝ

አሸዋውን ርሳው። ሒሳቡን አስላ፤ 0.2 ሚ.ሜ የሆነች ቅንጣት በ87 ስትባዛ 17 ሚ.ሜ ጠጠር ናት። ጎኑ ላይ ጠጠር የተለጠፈበት ፉርጎ የት አለ? አሸዋው ለሐዲዱ ዳርና ዳር መሬት ይሁን፤ ያኔም መጀመሪያ ማግኔት በፌስታል ጠቅልለህ አማስለው። ብረት ያለው ቅንጣት ካለ ይለጠፍበታል፤ ያ ቅንጣት ሐዲድ ላይ ቢቀር የሞተሩ ማግኔት ነው የሚስበው። ለፉርጎው የሚሆነው አቧራ መስኮት ላይ የሚያርፈው ዓይነት ነው፦ በናይለን ስቶኪንግ ሁለቴ የተነፋ። ጠመኔ በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቀህ ከትንሽ ቡኒ ዱቄት ጋር ብትቀላቅለውም ይሆናል።

ዝገት ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ውጭ አገር የተሠሩ ሞዴሎች ላይ የሚታየውን ብርቱካናማ ዝገት ወስዶ የድሬዳዋ ባቡር ላይ መለጠፍ። ዝገት ውሃ ይፈልጋል፣ ጨው ሲጨመርበት ይፈጥናል። ጅቡቲ ወደብ አጠገብ የሚቆም ፉርጎ ላይ ብታበዛው ያስኬዳል። ድሬ ግን ደረቅ ነው፤ እዚህ ቀለም የሚበላው ፀሐይና አቧራ ነው። ስለዚህ 7 እጅ መደብዘዝ፣ 2 እጅ አቧራ፣ 1 እጅ ዝገት ብለህ ያዝ። ጣሪያው ከጎኑ ይበልጥ የደበዘዘ ይሁን። ለመደብዘዙ ክሬም ቀለም 1 እጅ በ15 እጅ ማቅጠኛ፣ ሁለት ሦስት ስስ ዙር። አቧራው ከታች ይጀምርና ሽቅብ እየሳሳ ይሄዳል፤ በዚህ መጠን አንድ ሜትር ማለት 11.5 ሚ.ሜ ስለሆነ ከ10 ሚ.ሜ በላይ አታውጣው። ጎማ፣ ፍሬንና ሻሲ ግን አንድ ዓይነት አቧራ ይልበሱ፤ አጠገብ ለአጠገብ ስለሆኑ ልዩ ልዩ ቀለም ከያዙ ያስቃል።

ዝገቱን ጥቁር ቡኒ አድርገህ በስፖንጅ ቁራጭ ነካ ነካ፣ ወረቀት ላይ አራግፈህ። መሃሉ ላይ በጣም ትንሽ ቀላ ያለ። ጠፍጣፋው ፉርጎ ላይ ቀለሙ የተላጠ እንዲመስል ከፈለግህ፦ ከሥር የዝገት ቀለም፣ ሲደርቅ የፀጉር ስፕሬይ ሁለት ዙር፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ውሃ ወለድ አክሪሊክ። ከዚያ በ30 ደቂቃ ውስጥ ጠጉሩ ጠንካራ በሆነ እርጥብ ብሩሽ ትፈትገዋለህ። በድሬ ሙቀት ከአንድ ሰዓት ካሳለፍከው አይላጥም።

ቦቴው ላይ ከመሙያው አፍ ወደ ታች የሚወርደው የናፍጣ ነጠብጣብ ቀጭን፣ ጥቁርና አንጸባራቂ ይሁን። ሌላው ሁሉ ማት ስለሆነ እርጥብ የሚመስለው በዚያ ብቻ ነው። መሰላሉንና የእጅ መያዣውን 6ቢ እርሳስ አሸት አድርገው፤ ጫማና እጅ ያጠራው ብረት ይመስላል።

ሳቢያን 04

አንድ ነገር ልጨምር። ጥቀርሻ ከጭስ መውጫው ዙሪያ ብቻ ይሁን፣ በጣሪያው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ፤ ሎኮሞቲቩ ወደፊትም ወደኋላም ይሠራልና። ሞዴሉ የአዲሱ መስመር የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ከሆነ ደግሞ ጥቀርሻ ጭራሽ የለም። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው መስመር ኤሌክትሪክ ነው።

ምድር ባቡር ሰፈር

16.5 ሚ.ሜ ስላልከው ሐዲድ፦ በ87 ሲባዛ 1,435 ሚ.ሜ ነው፣ የአዲሱ መስመር ስፋት። የድሮው መስመር 1 ሜትር ስለሆነ በ1፡87 ወደ 12 ሚ.ሜ ይወርዳል። ከጎን ፎቶ ስታነሳ አይታወቅም፤ ከፊት ግን የለገሃርን ባቡር የሚያውቅ ሰው ያያል። እንግዲህ ምርጫው ያንተ ነው፤ ለዚህ ብለህ ሻሲ ልቀይር ብትል ግን ድካሙ አያዋጣም።

ማስረጀቱን ከመቀጠልህ በፊት ዝርዝሩን ግጠም፣ በኋላ ከሆነ ሙጫው ያበላሽብሃል። በፕላስቲክ የታተመውን የእጅ መያዣ በከተር ልጠህ 0.3 ሚ.ሜ የነሐስ ሽቦ ተካበት፤ በእውነቱ ዓለም 26 ሚ.ሜ ብረት ማለት ነው። ቀዳዳውን በመርፌ ምልክት አድርገህ በ0.35 ሚ.ሜ መሰርሰሪያ በጣትህ አዙር፤ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። በሽቦው ፋንታ የጊታር ክር አትጠቀም፤ ብረቱ ኃይለኛ ስለሆነ ማዕዘን አይይዝም። ለፍሬን ቧንቧ የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ያለው መዳብ 0.5 ሚ.ሜ ነው፣ ልኩ ነው።

ሱፐር ግሉውን ከውስጥ በኩል በስቴኪኒ ጫፍ። መስኮቱን አስቀድመህ አውጣ፤ የሱፐር ግሉ ትነት መስታወቱን ያነጣዋል። መስታወቱን መልሰህ ስትገጥም በነጭ ኮላ፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል።

ለገሃር ማዶ

የመጨረሻ። የፉርጎ ቁጥር የታተመበት፣ በውሃ የሚነቀል ተለጣፊ (ዲካል) አለኝ፣ ማቱ ላይ ስለጥፈው ዙሪያው ብር ብር ይላል።

ምድር ባቡር ሰፈር

ማት ገጽ ጎርባጣ ነው፤ ከዲካሉ ሥር አየር ይቀራል፣ የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። የሚለጠፍበትን ቦታ ብቻ አንጸባራቂ ቀባና አሳድረው። አሁን የተለጠፈውን ደግሞ በቀጭን መርፌ በሦስት አራት ቦታ ወግተህ የዲካል ማለስለሻ ጠብ አድርግበት፤ ሲኮማተር እንዳትነካው፣ ራሱ ይዘረጋል። ማት የሚነፋው አድሮ ነው፣ አቧራው ከዚያ በኋላ። ቁጥሩ ከአቧራው ሥር ካልሆነ ፉርጎው አርጅቶ ቁጥሩ ዛሬ የተጻፈ ይመስላል።