የስፖርት መኪና ሞተር ይነስ ወይስ ባለበት ይቆይ? ከጎንደር ከፍታ ላይ ሲታይ

ጥያቄ — የማራኪ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ያላስማማን ነገር ስላለ እናንተን ልጠይቅ።

የስፖርት መኪና ፋብሪካዎች ትልልቁን ሞተር እየተዉት ነው። መርሴዲስ ከሲ63 ላይ 4 ሊትሩን ቪ8 (ባለ 8 ሲሊንደሩን) አውጥቶ 2 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር አስገባ። ፌራሪ 296 ቪ6 ሆኖ መጣ። ከሱ በፊት የነበረው ኤፍ8 ቪ8 ነበር። ላምቦርጊኒ ደግሞ የሁራካንን 5.2 ሊትር ቪ10 ትቶ ቴሜራሪዮ ላይ 4 ሊትር ቪ8 ከነቱርቦው ገጠመ። የሚገርመው ጉልበቱ በሦስቱም ላይ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ትልቅ ሞተር የስፖርት መኪና ነፍሱ ነው ብዬ ነው የማምነው። ጓደኛዬ ደግሞ «ሁለት ሊትር የሚሠራውን ለምን በስድስት ሊትር?» ይለኛል። በተለይ ሞተር ፈትታችሁ የምታውቁ ሰዎች ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ — አራዳ

ወንድሜ፣ ሙሉ በሙሉ ካንተ ጋር ነኝ። ስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው ለቁጥር ብቻ አይገዛም። ፖርሸ እ.ኤ.አ. በ2016 ቦክስተርና ኬይማን ላይ ባለ 6 ሲሊንደሩን አውጥቶ ባለ 4 ቱርቦ ሲያስገባ ምን እንደተፈጠረ እናውቃለን። መኪናው ፈጠነ፣ ድምፁ ግን ተበላሸ። ሰው አጉረመረመ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ራሱ ፖርሸ 4 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደሩን ጂቲኤስ ላይ መለሰው። ፋብሪካው ራሱ ከተመለሰ እኛ ምን እንከራከራለን?

መልስ — ሳሙና በር

ክርክሩ ጥሩ ነው፣ ግን ለእኛ ሀገር ጊዜው ያለፈበት ይመስለኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ በፊትም ኤክሳይዝ ታክሱ በሲሲ፣ ማለትም በሞተሩ መጠን ነበር የሚከፋፈለው። ትልቅ ሞተር ያለው ብዙ ይከፍላል። ቤንዚን ለማግኘት የሚሰለፈውን ሰው ደግሞ ሁላችንም እናየዋለን። ቆጣቢው ይሻላል፣ አለቀ።

መልስ — የአዘዞ ጋራዥ

ሰላም ልጆች። እኔ አዘዞ ጋራዥ አለኝ። ዕድሜዬ ከናፍጣም ከቤንዚንም ሞተር ጋር ነው ያለቀው። ይህን ነገር አጥብቄ ስለማስብበት ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ የቆምንበትን ቦታ እንይ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሞተር ደግሞ ያለ አየር ቤንዚን ብቻውን ምንም አያደርግለትም። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ገደማ ያጣል። ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ ሩቡን። ሞተሩ ስላረጀ ወይም ካንዴላው ስለቆሸሸ አይደለም። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ስላነሰ ነው። «ቆላ ላይ ደህና ነበር፣ እዚህ ዳገቱ ላይ ደከመብኝ» እያሉ የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። አንዳንዴ የሚፈታ ነገር አይኖረኝም። የከፍታውን ነገር አስረድቼ ነው የምሸኛቸው።

ቱርቦ ሥራው እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው። የሳሳውን አየር ጨምቆ ያስገባል። ስለዚህ ከፍታው የቀማውን አብዛኛውን ያስመልሳል።

ቢኤምደብሊው ኤም3ን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው 4 ሊትር ቪ8 ነበረው፣ ቱርቦ የለውም፣ 420 የፈረስ ጉልበት። በ2014 የመጣው 3 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር ሆነ፣ ሁለት ቱርቦ፣ 431 የፈረስ ጉልበት። ወረቀት ላይ ልዩነታቸው 11 ፈረስ ነው። ሁለቱን አምጥታችሁ ፒያሳ ላይ ብታቆሟቸው ግን ቪ8ቱ ወደ 335 አካባቢ ይወርዳል። ባለ ቱርቦው ያን ያህል አይወርድም። እንግዲህ ጎንደር ላይ «ትልቁ» የቱ ነው?

የማራኪው ልጅ፣ ይህ በስፖርት መኪና ብቻ የሆነ አይደለም። ሃርድቶፕ ላንድ ክሩዘሩን ታውቀዋለህ። የድሮው 4.2 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ የለውም። የሊማሊሞን ዳገት ጭነት ይዞ ሲወጣ ከኋላው ያለው መኪና ጥቁር ጭስ ሲጠጣ ነው የሚውለው። ናፍጣው ይገባል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን የለም። ቶዮታ በኋላ ለአንዳንድ ገበያ 4.5 ሊትር ቪ8 ከቱርቦ ጋር አደረገለት። አሁን ደግሞ 2.8 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር መጣ። የሁለቱ ጉልበት እኩል ሊባል ይችላል፣ 204 ፈረስ ገደማ። ቶርኩ ግን ከ430 ወደ 500 ኒውተን ሜትር አደገ። አራት ሲሊንደር ቪ8ን በጉተታ በለጠው ማለት ነው። ሽማግሌ ሾፌሮች «አራት ሲሊንደር ላንድ ክሩዘር አይሆንም» ሲሉ እሰማለሁ። ስሜታቸው ይገባኛል፣ ቁጥሩ ግን ከእነሱ ጋር አይደለም።

የከፍታን ነገር በደንብ ማየት የሚፈልግ ሰው አሜሪካ ውስጥ ያለውን የፓይክስ ፒክ የዳገት ውድድር ይመልከት። መነሻው 2,862 ሜትር ነው፣ ማለትም የደባርቅ ከፍታ። መድረሻው 4,302 ሜትር። ፈረንሳዊው ነጂ ሴባስቲያን ሎብ እ.ኤ.አ. በ2013 የነዳው ፔጆ 208 3.2 ሊትር ቪ6 ከሁለት ቱርቦ ጋር ነበር። ክብደቱ 875 ኪሎ፣ ጉልበቱ 875 ፈረስ። በ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቮልስዋገን በኤሌክትሪክ መኪና 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ሠራ። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያስፈልገውምና ከፍታው አልነካውም። የሳሙና በሩ ልጅ፣ አንተ ያነሳኸው የነዳጅ መኪና ክልከላ እዚህ ላይ ይበልጥ ትርጉም አለው። ለእኛ ደጋ ኤሌክትሪክ ይመቻል።

ይሄን ሁሉ ብዬ ግን «ሞተሩን አሳንሱትና በቃ» አልልም። የምቆጨው እዚህ ላይ ነው።

ሲ63ን ሰው የጠላው ባለ 4 ሲሊንደር ስለሆነ ብቻ ነው ይባላል። እኔ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ሞተሩ ድንቅ ነው። ከኤሌክትሪኩ ጋር 680 ፈረስ ይሰጣል። ቱርቦው ዘንግ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር አለ፣ ነዳጅ ስትረግጥ ቱርቦው እስኪነሳ አትጠብቅም። ፎርሙላ 1 ላይ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2025 የነበረ ዘዴ ነው። ግን መኪናው ከ2 ቶን በላይ ሆነ። ቪ8 ከነበረው ወንድሙ በብዙ መቶ ኪሎ ይበልጣል። ባትሪው፣ ኤሌክትሪክ ሞተሩ፣ ማቀዝቀዣው፣ ሽቦው ሁሉ ክብደት ነው። ሞተሩን አሳንሰህ መኪናውን ካከበድከው ምኑን ቆጠብክ? ጎማው ይበላል፣ ፍሬኑ ይበላል፣ ኩርባ ላይ ይከብዳል።

በተቃራኒው አልፒን ኤ110ን እዩ። 1.8 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር ቱርቦ፣ 252 ፈረስ፣ ክብደቱ 1,100 ኪሎ አካባቢ። ከዜሮ እስከ 100 በ4.5 ሰከንድ። ይህ ነው እኔ የምፈልገው። ሞተሩም መኪናውም አብረው ሲያንሱ።

ድምፁን በተመለከተ የአራዳው ልጅ እውነት አለው፣ አልክደውም። ቱርቦ ጭሱ ወደ ማርሚታ ከመድረሱ በፊት ከፊቱ ይቆማል፣ የድምፁን ጉልበት ይወስደዋል። ነገር ግን ድምፅ በሲሲ ብቻ አይወሰንም። ፌራሪ የ296ን ቪ6 ሁለት የሲሊንደር ረድፎች በ120 ዲግሪ ከፍቶ ነው የሠራው። ሲሊንደሮቹ በእኩል የጊዜ ልዩነት ነው የሚተኩሱት፣ በደቂቃ እስከ 8,500 ዙር ይወጣል። መሐንዲሶቹ «ትንሹ ቪ12» ይሉታል። ስለዚህ ድምፅ የፈለገ ፋብሪካ አስቦ ይሥራው። ፖርሸ ላይ የተበላሸው ድምፅ ያልታሰበበት ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ጋራዤ ውስጥ ስለማየው ልናገር። ይሄን ማንም ማስታወቂያ ላይ አይነግራችሁም።

ትንሽ ቱርቦ ሞተር ይቆጥባል የሚባለው ስትረጋጋ ነው። ስትረግጠው ሲሊንደሩ ይግላል። ኮምፒውተሩ ለማቀዝቀዝ ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ፈጣን ነጂ እጅ ላይ ያ ቁጠባ ይጠፋል።

ሌላው ዘይት ነው። በቅርቡ አንድ ትንሽ ባለ ቱርቦ መኪና መጣልኝ። ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ባለቤቱ የፒስተኑ ፋሻ ያለቀ መስሎት ሞተር ሊያስወርድ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ወደ ቱርቦው የሚገባውን የአየር ጎማ ፈታሁ። ውስጡ በዘይት ረጥቧል። ጣቴን አስገብቼ ትንሿን ተሽከርካሪ ወደ ላይና ወደ ታች ብነካት ትወዛወዛለች፣ ጠርዟም ቤቱን ፍቆታል። ዘንጉ ማለቁ ነው። የዘይት ቱቦውን ስፈታው ቀዳዳው በደረቀ ጥቁር ዘይት ሊደፈን ደርሷል። ሰውየው ዳገቱን በኃይል ወጥቶ ወዲያው ቁልፍ የማጥፋት ልማድ ነበረው። ቱርቦው እንደ ፍም ግሎ ሳለ ዘይቱ ይቆማል፣ እዚያው ይቃጠላል። አንድ ሁለት ደቂቃ ነዳጅ ሳይረግጥ ሚኒሞ ላይ ቢያቆየው፣ ዘይቱንም በጊዜው ቢቀይር ይህ አይደርስም ነበር። አንድ ቱርቦ ማግኘት ደግሞ እዚህ ቀላል አይደለም። ከአዲስ አበባ ተልኮ እስኪመጣ መኪናው ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ከረመ።

በጀሪካን የሚሸጠውን ቤንዚን ደግሞ አደራ። ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ይታገሰው ይሆናል። ከፍተኛ ግፊት ያለው ትንሽ ሞተር ግን ያንኳኳል፣ ፒስተን ይበሳል።

እንግዲህ አቋሜ ይሄ ነው። አዎ፣ ይነስ። ግን ሲሲው ብቻ ሳይሆን ኪሎውም ይነስ።

መልስ — አራዳ

ጋሼ፣ የከፍታውን ነገር እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ስለ ኤም3 የጻፉትን ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁት። በድምፁ ግን አሁንም አልተስማማሁም። ቪ8 ሲነሳ ደረት ላይ የሚሰማው ነገር በ120 ዲግሪ አይተካም።

መልስ — የአዘዞ ጋራዥ

አልፈርድብህም ልጄ። ያንን ደረት ላይ የሚሰማ ነገር እኔም እወደዋለሁ።

መልስ — የማራኪ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ቶዮታ ጂአር ያሪስ 1.6 ሊትር ባለ 3 ሲሊንደር ነው፣ 261 ፈረስ፣ 1,280 ኪሎ። ባሉት መለኪያ የሚያልፍ ይመስለኛል። ሊማሊሞ ላይ ቢነዳ ትንሽነቱ የሚጎዳው ቦታ አለ?

መልስ — የአዘዞ ጋራዥ

ሲወጣ የለም። በአራቱም ጎማ ስለሚነዳ ኩርባው ላይም ይይዛል። ለዚያ መንገድ የተሠራ ነው ብትለኝ አልከራከርህም።

የሚጎዳው ሲወርድ ነው። ሊማሊሞ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከገደሉ ላይ የቀደደው መንገድ ነው፣ ቁልቁለቱ ቶሎ አያልቅም። ትልቅ ሞተር ማርሽ ቀንሰህ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ መኪናውን ይይዝልሃል። 1.6 ሊትር ያን ያህል አይይዝም። ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ ሰው ቁልቁለቱን ገና ሲጀምር ሁለተኛ ማርሽ ያስገባ፣ ፍሬኑን ጫን አድርጎ ይልቀቅ እንጂ ረግጦ አይቆይ። የፍሬን ዘይቱንም ከመነሳቱ በፊት ያስቀይር። ያረጀ የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፣ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይደርሳል። ደባርቅ ላይ ቁርስ በልቶ ቁልቁል ለመውረድ የሚያስብ ሰው ካለ ቀደም ብሎ አዘዞ ይምጣ፣ ዘይቱን እኔ አይለታለሁ።