ኤፍ7 ላይ የተሰዋ ፈረስ፦ ኢንጂኑ ለጥቁር ያዳላል፣ ቦርዱ ላይ ግን በ8 ሙቭ ሜት ሆነ

የጦሳ ልጅ

ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ትላንት እዚህ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቼዝ የሚጫወቱበት ቡና ቤት ያየሁትን አንድ ጌም ላካፍላችሁና ትንተና እንድታግዙኝ ነው።

ነጭ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጥቁር ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ልጁ ጎበዝ ነው ኦንላይን ብዙ ይጫወታል። ኦፕኒንጉ (የጨዋታው አጀማመር) ፔትሮቭ የሚባለው ነው፣ ፊደልና ቁጥሩ የቦርዱን ካሬ ነው የሚያሳየው። 1 ኢ4 ኢ5፣ 2 ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ኤፍ6፣ 3 ነጭ ኢ5 ላይ ያለውን ፖን በፈረስ በላ፣ ጥቁር ዲ6 ብሎ ፈረሱን አባረረ። እዚህ ጋ ሁላችንም ፈረሱ ወደ ኤፍ3 ይመለሳል ብለን ስንጠብቅ ጋሼ ሳያመነቱ ኤፍ7 ላይ ያለውን ፖን በፈረሱ በሉት! ንግሥቱና ሩኩ አንድ ላይ ስለተያዙ ንጉሡ ፈረሱን መብላት አለበት፣ በላው። 5 ዲ4። ልጁ ኢ4 ላይ ያለው ፖን ባዶውን ቆሞ ሲያየው በፈረስ በላው፣ 6 ንግሥት ኤች5 ቼክ፣ ንጉሡ ወደ ጂ8 ሸሸ፣ 7 ንግሥት ዲ5 ቼክ፣ ቢሾፑን ኢ6 ላይ ጋረደ፣ 8 ንግሥት ቢሾፑን በላች ሜት። ቡና ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

ቤት ገብቼ ሊቼስ (የቼዝ ድረ ገጽ) ላይ አስገባሁት። ስቶክፊሽ የሚባለው ኢንጂን (ቼዝ የሚያሰላ ፕሮግራም) 4ኛው ሙቭ ላይ ፈረሱ ከተሰዋ በኋላ ለጥቁር ወደ አንድ ነጥብ የሚጠጋ ብልጫ ይሰጣል፣ ማለትም መስዋዕትነቱ ልክ አይደለም እያለ ነው። ቁጥሩም አንድ ቦታ አይረጋም፣ ስልኩ ላይ ትንሽ ሲቆይ ይወጣል ይወርዳል። ታዲያ ማንን ልመን? ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈር ልጆች ቼዝ አሳያለሁ፣ ይሄን ባሳያቸው ደስ ይላቸዋል ግን መጥፎ ነገር እንዳላስለምዳቸው ፈራሁ። እንዲህ አይነት ሳክሪፋይስ በኢንጂን ሲታይ እንዴት ነው በትክክል የሚነበበው?

ቦርከና

ሰላም ወንድሜ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ደስ የሚል ጌም ነው፣ እሱ ላይን (የሙቮች ቅደም ተከተል) ስም አለው ኮክሬን ጋምቢት ይባላል፣ ጋምቢት ማለት ጅማሮ ላይ የሚደረግ መስዋዕት ነው፣ ጆን ኮክሬን የሚባል ስኮትላንዳዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ ካልካታ እያለ ይጫወተው ነበር። ደግሞ የቡና ቤት ብቻ እንዳይመስልህ፣ በ1999 እ.ኤ.አ ሊናሬስ ውድድር ላይ ቶፓሎቭ ክራምኒክ ላይ ተጫውቶታል፣ አቻ ነው የወጡት። ክራምኒክ እኮ በዛ ዘመን በፔትሮቭ ከሚፈሩት ሰዎች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ ያ "አንድ ነጥብ" ድሮ እንደምናውቀው የአንድ ፖን ብልጫ ማለት አይደለም። ከስቶክፊሽ 15.1 ጀምሮ (2022 እ.ኤ.አ መጨረሻ ላይ የወጣው ነው) ቁጥሩ የተስተካከለው ከማሸነፍ እድል ጋር ነው፣ አንድ ነጥብ ማለት እኩል አቅም ያላቸው ሁለት ኢንጂኖች ቢጫወቱ የተሻለው ወገን ግማሹን ያህል ያሸንፋል ማለት ነው፣ የቀረው በብዛት አቻ ነው። ስለዚህ ስቶክፊሽ ስለ ጋሼና ስለ ተማሪው ምንም አላለም፣ ስለ ራሱና ስለ ራሱ ነው ያወራው። ከፈረሱ በኋላ ጥቁር አስር አስራ አምስት ትክክለኛ ሙቭ በተከታታይ እንደሚያገኝ አስቦ ነው የሚመዝነው።

የሚወጣ የሚወርደው ደግሞ በዴፕዝ (ኢንጂኑ ስንት ሙቭ ወደፊት እንደሚያይ) ምክንያት ነው። ሊቼስን ስልክ ላይ ስትከፍት ኢንጂኑ የሚሰራው በራስህ ስልክ ፕሮሰሰር ነው፣ ቶሎ ይሞቅና ይዘገያል። እንዲህ አይነት ፖዚሽን ላይ፣ አንዱ ወገን ፒስ ከፍሎ በምትኩ የተጋለጠ ንጉሥና ሰፊ መሀል ያገኘበት፣ ጥቅሙ ከብዙ ሙቭ በኋላ ነው የሚታየው፣ ዴፕዙ ትንሽ ከሆነ ኢንጂኑ የተከፈለውን ያያል የተገዛውን ግን በደንብ አያይም። ድሮ ይሄ በጣም የባሰ ነበር፣ ከስቶክፊሽ 12 (2020 እ.ኤ.አ) ወዲህ ኒውራል ኔትዎርክ ስለገባበት የንጉሥ መጋለጥን ቶሎ ይረዳል።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፣ ዝም ብዬ ቁጥሩ ላይ አፍጥጬ አልቀመጥም። አንደኛ ሴቲንጉ ውስጥ የሚያሳየኝን የላይን ብዛት ወደ 5 ከፍ አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ጥያቄው "ምርጡ ሙቭ ምንድነው" ሳይሆን "ስንት ሙቭ ያድነዋል" ነው። ከ5 ዲ4 በኋላ ብታየው ጥቁር አንድ ብቻ ሳይሆን በርካታ ደህና ሙቭ አለው፣ ጂ6 አለ፣ ሲ5 አለ፣ ቢሾፕ ኢ7 አለ። ልጁ ግን የመረጠው ሁሉን የሚገለብጠውን ነው። ከዛ ሁለተኛ ላይኑን በእጄ ወደፊት እየገፋሁ አምስት ስድስት ሙቭ ሄጄ እያንዳንዱ ጋ ትንሽ እንዲያስብ አደርግና አንድ በአንድ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ ያየውን ስለሚያስታውስ መነሻው ላይ ስትደርስ ቁጥሩ ይበልጥ የተረጋጋ ነው። ሞክረውና እየው።

አባ ፈርዝ

ልጆች ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ እንደናንተ በማሽን አላደግሁም ግን ስለ ፈረስ መስዋዕትነት ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ1960 እ.ኤ.አ ሞስኮ ላይ ታልና ቦትቪኒክ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገጥሙ 6ኛው ጨዋታ ላይ ጥቁር የያዘው ታል በ21ኛው ሙቭ ፈረሱን ኤፍ4 ላይ ወረወረው። ተመልካቹ አዳራሹን በጫጫታ ሞላው፣ ከጫጫታው የተነሳ ተጫዋቾቹን ከመድረክ ወደ ጓዳ ክፍል አስገቧቸው። ታል አሸነፈ፣ ውድድሩንም ወሰደ፣ ያኔ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነው።

ከዛ በኋላ ግን ትንታኔው መጣ፣ ያውም ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን፣ በሰው ጭንቅላት። ታል ራሱ 23ኛው ላይ ቢ2 ያለውን ፖን በንግሥቱ ከሚበላ ቢሾፑን ኢ5 ላይ ቢያቆም ይሻል ነበር ተባለ። ቦትቪኒክም 25ኛው ላይ ንግሥቲቱን በሩክ በላ እንጂ ኤፍ3 ላይ የመጣውን ፖን በቢሾፑ ቢበላ ኖሮ ጨዋታው ሌላ ይሆን ነበር። ሁለቱም ይሄን ቦርዱ ላይ ቁጭ ብለው ሰዓት እየሄደባቸው አላዩትም። ቦትቪኒክ እኮ ተራ ሰው አይደለም፣ ኢንጂነር ነው፣ ኋላም የቼዝ ፕሮግራም ለመስራት ዓመታት የደከመ ሰው ነው። እሱን ያህል ሰው የፈረሱ ጥያቄ አደከመው። የሰው ቼዝ ማለት ይሄ ነው ለእኔ፣ መስዋዕት ማለት ለባላጋራህ ከባድ ጥያቄ መስጠት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አባቶቻችን ሰንጠረዥ (የድሮውን የሀገራችንን ቼዝ) ሲጫወቱ የመጀመሪያው ወረራ ተራ የሌለው ነበር፣ አንዱ ፒስ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ ይነዳሉ። ንግሥት የምትሏት ደግሞ አልነበረችም፣ በሷ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ አንድ እርምጃ በሰያፍ ብቻ ነው የሚሄድ። ስለዚህ ፈረስ ከፈርዝ ይበልጥ ነበር፣ ከሩክ ቀጥሎ ዋናው እሱ ነው። በዛ ጨዋታ ፈረስን ለሁለት ፖን የሚሰጥ ሰው አልነበረም፣ ምክንያቱም ዲ5 ላይ ደርሳ ንጉሡን የምታጣድፍ ንግሥት የለችም። ዛሬ ፈረሱን የሚያስደፍረው የንግሥቷ ጉልበት ነው።

የጦሳ ልጅ

አባ ፈርዝ አላህ ይስጥልኝ፣ እድሜ ይስጥዎት፣ የሰንጠረዡን ነገር በዚህ መልኩ አስቤው አላውቅም። ቦርከና ያልከውን አደረግሁ፣ 5 ላይን ከፍቼ አየሁት፣ ኢ4 ያለውን ፖን መብላት በእርግጥ ቁጥሩን ወደ ነጭ ይገለብጠዋል። ግን እሱ ጋ ያልገባኝ አለ፣ ንጉሡ ወደ ጂ8 ባይሄድስ? እና ደግሞ ብዙ ሰው የሚያነሳው ካስፓሮቭን ያሸነፈው የአይቢኤም ኮምፒውተር የዲፕ ብሉ ፈረስ አለ አይደል፣ እሱስ ኮምፒውተሩ አስልቶ ነው የሰዋው ማለት ነው?

ሐረጎ

ሰላም ለሁላችሁም፣ የዲፕ ብሉውን እኔ ልመልስ።

ግንቦት 1989 በኛ አቆጣጠር ነው፣ 6ኛውና የመጨረሻው ጨዋታ፣ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካስፓሮቭ በጥቁር ካሮ ካን የሚባለውን ኦፕኒንግ ተጫወተ። 7ኛው ሙቭ ላይ ኤች6 አለ፣ የተለመደው ቀድሞ ቢሾፑን ዲ6 ማውጣት ነው። ዲፕ ብሉ ፈረሱን ኢ6 ላይ ሰዋ፣ ካስፓሮቭ በ19 ሙቭ እጅ ሰጠ፣ ውድድሩም 3.5 ለ 2.5 አለቀ። ዓለም ሁሉ "ማሽኑ መስዋዕት አደረገ" አለ። ግን ያንን ፈረስ ማሽኑ አላሰላውም! በሴኮንድ ወደ 200 ሚሊዮን ፖዚሽን የሚያይ ማሽን ነው፣ ሆኖም ያ ሙቭ ሰዎቹ ቀድመው ኦፕኒንግ ቡኩ (የተዘጋጁ የጅማሮ ሙቮች ስብስብ) ውስጥ ያስገቡት ነበር። በዛን ጊዜ የነበሩ ፕሮግራሞች ፒስ ሰጥተው የረጅም ጊዜ ጫና መግዛት አይወዱም ነበርና ፈረሱን ወደ ኋላ ይመልሳሉ ብሎ ማሰብ ሞኝነት አልነበረም። በጣም ታዋቂው የኮምፒውተር የፈረስ መስዋዕት የሰው ውሳኔ ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከቦርከና እለያለሁ። የጦሳ ልጅ፣ ልጆቹን ካስተማርክ እባክህ ስልኩን በመጀመሪያ አታውጣ። እኔም ታዳጊዎች አስጠናለሁ፣ ቁጥሩን አንዴ ካዩ ማሰብ ያቆማሉ፣ "ማይነስ አንድ ነው" ብለው ይዘጉታል። ቦርዱን ዘርግተህ ፈረሱን ሰውተህ "አሁን ጥቁር ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ" ብለህ ተዋቸው፣ ይጨቃጨቁ፣ እያንዳንዱ ሀሳቡን ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ከዛ በኋላ ኢንጂኑን ክፈትና እነሱ የጻፉትን አንድ በአንድ አስገባ። መብራት ሲጠፋም ይሰራል ይሄ ዘዴ። ደግሞ ላይኑን እንደ ወጥመድ አታሳያቸው፣ ወጥመድ ብቻ የለመደ ልጅ ባላጋራው ጂ6 ብሎ በረጋ መንፈስ ንጉሡን ጂ7 ሲያስቀምጥበት ምን እንደሚያደርግ ያጣል፣ ፈረሱም አይመለስም።

ቦርከና

ሐረጎ እህቴ ልክ ነሽ፣ ለልጆች ያንቺ ቅደም ተከተል ይሻላል፣ እኔ ለራሴ የማደርገውን ነው የጻፍኩት። ግን ኢንጂኑ መጨረሻ ላይ ብቻ ይምጣ ከተባለ አልስማማም፣ ልጁ ሀሳቡን ከጻፈ በኋላ ኢንጂኑን ባላጋራ አድርጎ ከዛው ፖዚሽን ቢጫወትበት በጣም ይጠቅመዋል። አንዴ በነጭ አንዴ በጥቁር። በጥቁር ሲጫወት ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ በራሱ ያየዋል፣ በነጭ ሲጫወት ደግሞ ጥሩ መከላከል ምን እንደሚመስል ይማራል።

የጦሳ ልጅ ስለ ንጉሡ የጠየቅከው፣ አብሽር ቀላል ነው። 6 ንግሥት ኤች5 ቼክ ስትል ጥቁር ጂ6 ብሎ ቢጋርድ ንግሥቷ ዲ5 ላይ ቼክ እያለች ኢ4 ያለውን ፈረስም ትይዘዋለች፣ አንዱን ሲያድን አንዱ ይሄዳል። ንጉሡ ወደ ኢ7 ቢወጣ ደግሞ ጋሼ ንግሥቷን ዝም ብለው ወደ ኢ2 ይመልሷታል፣ ፈረሱ ከንጉሡ ፊት ፒን ሆኖ (ቢንቀሳቀስ ንጉሡ ስለሚጋለጥ ታስሮ) ቁጭ ይላል፣ ዲ5 ብሎ ቢደግፈው እንኳ ኤፍ3 ይመጣና ይበላል። በሁለቱም ነጭ የሰጠውን ፒስ መልሶ በአንድ ፖን ይበልጣል፣ የጥቁር ንጉሥም ሜዳ ላይ ነው። ወደ ጂ8 መሸሽ ግን ያው ያየኸው ሜት ነው፣ ኤፍ8 ላይ የራሱ ቢሾፕ ኤች8 ላይ የራሱ ሩክ ዘግተውበታል።

ሌላ ሳትረሳ የምታየው ነገር፣ ሊቼስ ላይ ኦፕኒንግ ኤክስፕሎረር (ሰዎች የተጫወቷቸውን ጌሞች ውጤት የሚያሳይ) አለ፣ ከኢንጂኑ ጎን ክፈተው። ሬቲንጉን (የተጫዋች ደረጃ ነጥብ) ዝቅ አድርገህ እንደኛ አይነት ተጫዋቾችን ብቻ ስታይ ከኮክሬን በኋላ ነጭ ከጥቁር በላይ ያሸንፋል። ሬቲንጉን ከፍ እያደረግህ ስትሄድና ረዘም ያለ ሰዓት ያላቸውን ጌሞች ብቻ ስትመርጥ ምን እንደሚሆን ራስህ እየው፣ እሱ ለልጆቹ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ሲ5ንም አትተው፣ መሀሉን ወዲያው ስለሚመታ ነጭ የሰፊ መሀሉን ጥቅም ቶሎ ያጣዋል፣ እኔ በጥቁር ብሆን እሱን ነው የምመርጠው። እና ነጭ 5ኛው ላይ ዲ4ን ትቶ ቢሾፕ ሲ4 ቼክ ካለ ዲ5 ብሎ ፖን መመለስ ነው፣ ጥቁር ቢሾፑን ዲ6 አውጥቶ ፒሶቹን ከነጭ ቀድሞ ያሰልፋል።

የጦሳ ልጅ

ወላሂ ብዙ ተማርኩ። ሐረጎ ወረቀቱን አዘጋጃለሁ፣ ለልጆቹ ቅዳሜ 5ኛውን ሙቭ ክፍት አድርጌ ነው የምሰጣቸው። ቦርከና ሲ5 ካለ በኋላ ነጭ ዲ4 ላይ ያለውን ፖን ገፍቶ ዲ5 ቢልስ፣ መሀሉ ተዘጋ ማለት ነው፣ ንጉሡ አሁንም ኤፍ7 ላይ ነው፣ ማን ይሻላል ትላለህ?

ቦርከና

ከተዘጋ ለጥቁር ጥሩ ነው፣ ነጭ ፒስ የከፈለው መስመር ለመክፈት ነውና። ጂ6 ብሎ ንጉሡን ጂ7 ያስገባል፣ ሩኩን ኢ8 ወይ ኤፍ8 ያመጣል፣ ከዛ ቢ5 ብሎ ይሄዳል። ነጭ ደግሞ ኤፍ4 ብሎ ኢ5ን ለማስፈንጠር ይቸኩላል። ማታ ሁለቱን በኢንጂን አጫውቼ ላይኑን እለጥፍልሃለሁ።