ልጄ ከበርገርና ቺፕስ ውጪ አልበላም ብሎ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፣ ምን ላርግ?

ግራ የገባት እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ትናንት በቃ ከዛሬ ጀምሮ በርገር የለም ቺፕስ የለም ለስላሳ የለም ብዬ ቆረጥኩ፣ ከዛ ወዲህ አኩርፎ ማታ ሳህኑን ገፍቶ ተኛ፣ ጠዋት ወተት ብቻ ጠጣ፣ ምሳ ዕቃውን ደግሞ ሳይከፍተው ይዞት መጣ። አሁን ክፍሉ ገብቶ እያለቀሰ ነው፣ እኔም በሩ ላይ ቆሜ እንባዬ መጥቷል። አባቱ አንዴ ግዢለትና ይብላ ይላል። እራት ሰዓት ደርሷል፣ ልሸነፍለት ወይስ ልጠንክር?

የመንታ እናት፦
አይዞሽ እህቴ። ስንት ዓመቱ ነው? ውሃስ ይጠጣል?

ጤና ይቅደም፦
እኔ ለስላሳው ነው የሚያሳስበኝ። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ 35 ግራም ስኳር አለ፣ በሻይ ማንኪያ ስትሰፍሪው ወደ 9 ማንኪያ ማለት ነው። የአሜሪካ የልብ ማህበር ከ2 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ይሁን ይላል፣ ስለዚህ አንዷ ጣሳ ብቻዋን የቀኑን አልፋ ሄደች። ጨውንም የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ እንኳ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ ለልጅ ደግሞ ከዛም ያንሳል።

ግራ የገባት እናት፦
ወንድሜ ይሄን ሰምቼ እኮ ነው የቆረጥኩት፣ የቸገረኝ የዛሬ እራት ነው። 7 ዓመቱ ነው፣ ውሃ ይጠጣል። ደግሞ ሳልነግራችሁ፣ ሽንት ቤት ተቀምጦ ካካ ካለ 4 ቀኑ ነው።

እውነቱን ልናገር፦
አትቀየሚኝና የ7 ዓመት ልጅ ራሱ ሄዶ አይገዛም። ያስለመዳችሁት እናንተ፣ በአንድ ቀን የከለከላችሁት እናንተ። እሱ ምን ያርግ? ጥያቄው ልጁ ለምን አይበላም ሳይሆን ቤቱ ለምን እንዲህ ለመደ መሆን ነበረበት።

ሁለቴ አባት፦
ኧረ አሁን እናቲቱን አታስለቅሷት። ቀን ወስኚለት እህቴ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በቃ። የኔዋ ካሮት ስታይ ፖሊስ እንዳየ ሌባ ነው የምትሮጠው ሃሃሃ፣ ግን ቀኗን ስለምታውቅ ሌላውን ቀን አትጨቀጭቀኝም።

ነርስ ነኝ፦
እህቴ ያ የ4 ቀኑ ነገር ዋናው ሊሆን ይችላል። ሆድ ሲደርቅ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ በርገርና ቺፕስ ደግሞ አሰር (ሆድ እንዳይደርቅ የሚረዳው የምግብ ክፍል) ብዙም የለውም። ወተት አታብዢበት፣ ሆዱን ይሞላውና ምግብ አያምረውም። ውሃ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን ከነሥጋው (ጭማቂ ሳይሆን)፣ ምስር። ከእራት በኋላ እግሩን በርጩማ ላይ አስደግፈሽ 5 ደቂቃ ሽንት ቤት አስቀምጪው፣ ሳትቆጪው። ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት በራስሽ አትስጪ። ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋ ወይ በጣም ካመመው፣ ትኩሳት ወይ ደም ካየሽ ግን እስከ ጠዋት አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ውሰጂው።

የመንታ እናት፦
ነርሷ ያለችውን ያዢ። እራት ላይ ደግሞ አትገዢም፣ አትከለክዪም። ድንች ቁረጪና በትንሽ ዘይት ኦቭን ውስጥ ክተቺው፣ የተፈጨ ሥጋ ጠፍጥፈሽ ጥበሺና ዳቦ ውስጥ፣ አጠገቡ ሁለት ቁራጭ ቲማቲም፣ እሱን ቢበላም ባይበላም ዝም። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ ያንቺ ነው፣ ስንት እንደሚበላ የሱ። አትለምኚው፣ አትከተዪው። 20 ደቂቃ ጠብቀሽ አንሺና ቁርስ ጠዋት ነው በይው። እና ይሄን ከጨረስክ ቺፕስ እገዛልሃለሁ እንዳትዪ፣ ያኔ ቺፕሱ ሽልማት ቲማቲሙ ቅጣት ይሆናል። እኔ ይሄንን ዓመት ሙሉ አጥፍቼዋለሁ።

ግራ የገባት እናት፦
ቤት የተሰራ አይሆንም ነው የሚለው። በርገሩ የሚሸጥበትን ሳጥን ነው የሚፈልገው፣ ውስጡ አሻንጉሊት አለ።

ሁለቴ አባት፦
ቀን ወስኚለት አልኩሽ እኮ።

የመንታ እናት፦
እንግዲያው ሥጋውን ራሱ ይጠፍጥፈው፣ እጁን ታጥቦ። ጥሬ ሥጋ ስለሆነ ሲጨርስም ይታጠብ። የኔዎቹ የራሳቸው እጅ የነካውን ነው ቀድመው የሚበሉት። አዲስ ነገር ደግሞ አንዴ ገፋው ብለሽ አትተዪ፣ 10 ጊዜ አይቶት ነው አንዳንዱን የሚቀምሰው። ከአባቱ ጋር ግን አንድ ቃል ሁኑ፣ በሱ ፊት አትከራከሩ።

ግራ የገባት እናት፦
እሺ ድንቹን እየላጥኩ ነው። በሩን ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ ምን እየሰራሽ ነው አለኝ

ነርስ ነኝ፦
ጎሽ። ና አግዘኝ በይውና ሌላ ምንም አትጨምሪ።

ጤና ይቅደም፦
ስለ ኬቹፕም ሳትረሱ፣ እሱም ስኳር አለው።

ነርስ ነኝ፦
እህቴ እንዴት ሆነ? በላ? ካካስ አለ?

አዲስ እናት፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ፣ የኔ 4 ዓመቷ ነው ግን አያቷ ጋ ስትሄድ ነው በየቀኑ ቺፕስ የሚሰጧት፣ አያትን እንዴት ነው ሳያስቀይሙ የሚናገሩት?