የእንቅርት መድኃኒት የጀመረች እናቴ ጉሮሮዋን ታመመች፤ አሞክሳሲሊን ልግዛላት?

የቡሬዋ ልጅ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። እናቴ 52 ዓመቷ ነው። እንቅርቱ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አንገቷ ላይ አለ፤ ከቁብም አትቆጥረውም ነበር። ዘንድሮ ግን ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ቀሚሷ እስኪሰፋት ከሳች። ሰኔ ላይ ባሕር ዳር ወስደን አስመረመርናት፤ «የእንቅርቱ ሆርሞን በዝቷል» ተብሎ ፒቲዩ የሚባል ሆርሞኑን የሚያበርድ ክኒን 100 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለልቧ ደግሞ ፕሮፕራኖሎል ታዘዘላት። አምስት ሳምንት ሆናት፤ የልብ ምቱም ረገብ ብሎላታል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ጉሮሮዋን እያመማት ምራቅ መዋጥ አቅቷታል፤ ትኩሳትም አላት። ሰሞኑን ደግሞ ቆዳዋን ያሳክካታል። ጎረቤቱ «ክረምት አይደል? ብርድ ነው» ይላል። እሷ «አሞክሳሲሊን ግዢልኝና ሱባኤዬን ልግባ፣ ፍልሰታ ደርሷል» ትላለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ። ልግዛላት?

እመ ብርሃን ትርዳን፦
አይዞሽ እህቴ። ዝንጅብል አፍልተሽ በማር ስጫት። የእኔን ልጅ በሁለት ቀን ነው የለቀቀው።

ፋርማሲስት ከማርቆስ፦
ማሩን ይጠጡ፤ አንቺ ግን በማሩ አትዘናጊ። ፒቲዩም ሆነ ወንድሙ ሜቲማዞል አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ክፉኛ ያወርዳሉ። ከ1,000 ሰው ከሁለት እስከ አምስቱን ነው የሚያገኘው፤ ብዙውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ። የመጀመሪያ ምልክቱ እሱ ራሱ ነው፦ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም። ከተራ ቶንሲል በዓይን አይለይም፤ የሚለየው ሲቢሲ የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ፒቲዩ አትስጫቸው። ለነገ ሳትዪ ዛሬውኑ ሲቢሲ የሚሠራበት ሆስፒታል ውሰጃቸው፤ ገና ካርድ ስታወጪ «ፒቲዩ እየወሰደች ነው» በዪ። አሞክሳሲሊን ከሱቅ ገዝተሽ አትጀምሪላቸው። ሴሉ ወርዶ ከሆነ በአፍ የሚዋጥ አይበቃም፤ ተኝተው በደም ሥር ነው የሚታከሙት።

ባለ ባጃጁ፦
ሰው አታስፈራሩ እንጂ! እኔ ይኼን መድኃኒት ዓመት ከመንፈቅ ወስጄዋለሁ፤ ጉንፋንም ይዞኝ ያውቃል። ምንም አልሆንኩም።

ፋርማሲስት ከማርቆስ፦
እሰየው። ከ1,000ው ብዙዎቹ እንዳንተው ናቸው። እሳቸው ከየትኞቹ እንደሆኑ ግን እኔም አንተም እዚህ ተቀምጠን አናውቅም።

የቡሬዋ ልጅ፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። የልቡንስ ላቁመው?

ፋርማሲስት ከማርቆስ፦
የለም፣ እሱ ይቀጥል። ፕሮፕራኖሎል በድንገት ሲቆም ልብ ብሶበት ይመታል። አስም ካለባቸው ግን ከመጀመሪያውም ሊታዘዝላቸው አይገባም ነበርና እሱን ለሐኪሙ ንገሪ።

ነርስ (ሞጣ)፦
ማሳከኩን ሁሉም ዘለለው። ብቻውን ሲሆን ብዙም አያሳስብም፤ ሽፍታና ማሳከክ ከዚህ መድኃኒት ጋር የተለመደ ነው፣ በአለርጂ ክኒን የሚረግብላቸው ብዙ ናቸው። ግን ዓይናቸውን ብርሃን ላይ አውጥተሽ እዪ። ቢጫ ሆኗል? ሽንታቸውስ ጠቁሯል? ፒቲዩ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል፤ በዚህ ከሜቲማዞል ይብሳል። ደሙ ከተቀዳ አይቀር የጉበቱም አብሮ ይታይ።

የቢቸናው አባወራ፦
ጠያቂዋን ባይመለከትም ለሌላ አንባቢ ልጨምር። ባለቤቴ ሜቲማዞል እየወሰደች ነው ያረገዘችው። ሐኪሙ ወዲያው ወደ ፒቲዩ ቀየረላት፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለፅንሱ የሚመረጠው እሱ ነው አለን። ሲያልፍ መለሰላት። ማርገዝ ያሰበች አስቀድማ ትንገር።

የቡሬዋ ልጅ፦
በማግስቱ ነው የምጽፈው። ትናንት ማታውኑ ደረስን፤ በዝናብ መኪና እስኪገኝ አበሳዬን አየሁ። ነጭ የደም ሴሏ ደህና ነው፣ ጉበቷም ደህና። ቶንሲል ሆኖ ተገኘ፤ አሞክሳሲሊኑን ሐኪሙ ራሱ አዘዘላት። ፒቲዩውንም ቀጥይ ተባለች። «ብርድ ነው ብዬሽ አልነበር?» እያለች መንገዱን ሙሉ ስትስቅብኝ መጣች። ሐኪሙ ግን ለእሷም «ደግሞ ቢያተኩስሽ እንዲሁ ነይ» ብሏታል። ሌላም ነገር ነገረን፦ የእሷ እንቅርት ብዙ እባጭ ያለበት ስለሆነ ክኒኑ ሆርሞኑን ያበርደዋል እንጂ አይነቅለውም፤ ሲቆም ይመለሳል። ሲረጋጋ ቀዶ ሕክምና ይሻላል አለ። እሷ ደግሞ ቢላዋ መስማት አትፈልግም። እና በደም ምርመራው ቲኤስኤች የሚሉት (እንቅርቱን ሥራ የሚያዝዘው ሆርሞን) ገና ዝቅ እንዳለ ነው፤ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?

ነርስ (ሞጣ)፦
አይደለም። ቲኤስኤች ሰነፍ ነው፣ መድኃኒቱ እየሠራም ለወራት ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል። አሁን የሚታየው ቲ ፎር ነው፤ እንቅርቱ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ማለት ነው። እሱ ወርዶ ሳለ የክኒኑ መጠን ካልተቀነሰ ነገሩ ይገለበጣል፤ ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ይወፍራሉ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል። ስለዚህ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ አሠሩላቸው።

የቡሬዋ ልጅ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። ሱባኤውን አልቀርም ብላለች፤ የነፍስ አባቷም «መድኃኒትሽን በውኃ ዋጪ» ብለው ፈቅደውላታል። ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት አድርገንላታል። ቀን 8 ግን ቅዳሴ ላይ ናት። ቢዘገይስ?

ፋርማሲስት ከማርቆስ፦
ከቅዳሴ ስትወጣ ትዋጠው። አንድ ሁለት ሰዓት ቢዛነፍ አይጎዳትም፤ በባዶ ሆድ መሆኑም አያግድም። ረስታው ከዋለች ግን የማታውን ብቻ ትውሰድ፣ ደርባ እንዳትውጥ።