ሰው ያየዋል፣ የሚገዛ ግን ጠፋ፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከእናቴ ጋር ሰሚት አካባቢ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ እያዘጋጀን እንሸጣለን። የሰፈር ደንበኛ አለን፤ የእናቴን ሙያ የቀመሰ ተመልሶ ይመጣል። ገበያውን ለማስፋት ብለን ቴሌግራም ቻናልና ቲክቶክ ከፈትን።

እናቴ በርበሬውን ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ስትደልዝ የሚያሳየው ቪዲዮ ብዙ ሰው አየው። ከሥሩ ያለው ኮሜንት ግን «ዋጋ?» ብቻ ነው። በውስጥ መስመር ስመልስላቸው ዝም ይላሉ። ዋጋውን ቪዲዮው ላይ ብጽፈው ይሻላል? ሲያዩት ይሸሻሉ የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን የሚያሸሻቸው መደበቁ ይመስለኛል።

ትልቁ ጭንቀቴ መተማመን ነው። ገዢው «መጀመሪያ ዕቃውን ልይ» ይላል። እኛ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ሽሮ በሞተረኛ ልከን ስልክ ካልተነሳ የመንገዱን የምንከፍለው እኛ ነን። የሞተረኛውን ብቻ አስቀድሞ በቴሌብር ማስከፈል ሰው ያስቀይማል?

ደግሞ ዱባይና ሪያድ ያሉ እህቶቻችን «አዲስ አበባ ላለችው እናቴ አድርሱልኝ» ይሉናል። ይህን በጣም እፈልገዋለሁ። ክፍያውን እንዴት እንደምንቀበል ግን ግራ ገባን።

ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ለማሠራት የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ የለኝም። እናሠራልህ የሚሉት ደግሞ የገጹን የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ፤ ይህን መስጠት ያስፈራኛል። የይለፍ ቃል ሳይሰጥ የሚሠራበት መንገድ አለ? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ ከየቱ ልጀምር?