የእግር ሕክምና ልማር ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ባለ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ውሎዬ በብዛት የስኳር ሕሙማንን ቁስል ማጠብ ነው። በቀደም የአንድ አባትን ካልሲ ሳወልቅ ተረከዛቸው ላይ ሚስማር ተሰክቶ አገኘሁ። ጫማቸውን በስቶ ነው የገባው። «ምንም አላመመኝም እኮ ልጄ» አሉኝ። ስኳሩ ስሜታቸውን አደንዝዞታል። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ነው፤ ቀድሞ ቢታይ ስንት እግር ከመቆረጥ ይተርፍ ነበር!

የእግር ሐኪም መሆን ፈለግኩ። ግን አሜሪካ ከኮሌጅ በኋላ 4 ዓመት ትምህርት፣ ከዚያ 3 ዓመት የሆስፒታል ልምምድ አለው። እንግሊዝ አብዛኛውን ጊዜ የ3 ዓመት ዲግሪ ነው። እናቴን የምጦረው ደግሞ እኔ ነኝ። ሽታውም ጥፍር መቁረጡም አያስጠላኝም። የምፈራው ተምሬ ስመለስ በሙያው የሚቀጥረኝ እንዳላጣ ነው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። እዚሁ ሆኜ ምን ብሞክር ሥራው እንደሚሆነኝ አውቃለሁ?