ልጁ ዝም፣ እናቱ መላሽ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ጎንደር ውስጥ በሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። አንድ ጉዳይ ግራ ቢያጋባኝ ነው የምጽፈው።

የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ዓይነት 1 ስኳር አለበት። በ3 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ በኬቶአሲዶሲስ (ኢንሱሊን ሲጎድል ደም አሲዳማ የሚሆንበት አደገኛ ሁኔታ) ሆስፒታል ተኛ። በረጅሙ እየተነፈሰ፣ አፉ የበሰለ ፍራፍሬ እየሸተተ ነው የሚመጣው። ሲነቃ "መርፌውን በሰዓቱ ትወጋለህ?" እለዋለሁ። እናቱ ትቀድመዋለች፤ "አዎ፣ ሳያጎድል!" እሱ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለ ዝም።

መጀመሪያ ኢንሱሊኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ነበር። ፍሪጅ የላቸውም። ግን ሴትዮዋ ጎበዝ ናት፤ እርጥብ አሸዋ ላይ ባስቀመጠችው ማሰሮ ውስጥ ነው የምታኖረው። የተከፈተው ብልቃጥም 4 ሳምንት አልሞላውም።

ትናንት ማታ እናቱ እራት ልታመጣ ስትወጣ ሹክ አለኝ። "ትምህርት ቤት ልጆቹ ሐሺሽ ይወጋል ይሉኛል።" ለካ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን በሲሪንጅ ይቀዳና አፈሩ ወለል ላይ ይደፋዋል! "ለእማዬ እንዳትነግሪያት" አለኝ። እሺ አልኩት። ምን አስቸኮለኝ?

አሁን አጣብቂኝ ውስጥ ነኝ። ብነግራት ዳግም አያምነኝም። ዝም ብል ሦስተኛው ዙር ሊገድለው ይችላል። እሷ ደግሞ ጠበል ልትወስደው አስባለች፤ ጠበሉም ይሁን፣ መርፌው ግን እንዳይቋረጥ እያልኩ ገና እየለመንኳት ነው።

ከጎረምሶች ጋር የሠራችሁ፣ ልጁ ራሱ እንዲነግራት እንዴት አድርጋችሁ ታግባባላችሁ? ትምህርት ቤቱንስ ማን ቢያናግር ይሻላል? ዓርብ ይወጣል።